አዲስ ፒክአፕ ከመግዛታችሁ በፊት፦ የቤዝ ጊታራችሁን ድምፅ ቤት ውስጥ የማስተካከያ መመሪያ

ድምፁ አልጥም ያላችሁ ቤዝ ጊታር ብዙ ጊዜ ችግሩ ፒክአፑ፣ ማለትም ከክሩ ሥር ተቀምጦ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ማግኔት ያለው ክፍል፣ አይደለም። ክሩ ሞቷል፣ አንገቱ ጎብጧል፣ ወይም ፒክአፑ ከክሩ ርቆ ተቀምጧል። ሦስቱም ያለ ወጪ ወይም በክር ዋጋ የሚስተካከሉ ናቸው። ችግሩ ግን እነሱን ማስተካከል እንደ ግዢ አያጓጓም። ስለዚህ ሰው ፕሪአምፕ (ድምፁን ከአምፑ በፊት የሚያጎላ መሣሪያ) ይገዛል፣ ፔዳል ይደረድራል፣ ከዚያ ያው የደነዘዘ ድምፅ ጎላ ብሎ ይወጣለታል።

ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ሥሩ። መጀመሪያ ክር፣ ቀጥሎ አንገት፣ ከዚያ የክር ከፍታ፣ ኢንቶኔሽን (ክሩ አንገቱ ላይ በሁሉም ቦታ ትክክለኛ ኖታ እንዲሰጥ ማድረግ)፣ ፒክአፕ። ሽቦና ስታኞ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። ይህ ቅደም ተከተል እንዲሁ የተደረደረ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሥራ ከሱ በፊት ያለው ሲነካ ይበላሻል። አንገቱን ሳታስተካክሉ ኢንቶኔሽን የሠራችሁ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ትሠሩታላችሁ።

ለምሳሌ የምወስደው የጃዝ ቤዝ ዓይነቱን ነው። የጊታር አምራቹ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው ንድፍ ሲሆን ሁለት ፒክአፕ፣ ሁለት ቮልዩምና አንድ ቶን አለው። ዛሬ ከርካሹ እስከ ውዱ በዚሁ መልክ የተሠራ ሞልቷል። ያላችሁ ፕሪሲዥን (ሌላው የፌንደር ቤዝ) ወይም ባለ አምስት ክር ቢሆንም አብዛኛው ሥራ ያው ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ካቻቢቴ፣ ለአንገቱና ለብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚታሰሩበት ብረት) የሚሆን አለን ኪ (ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ)፣ የክር መቁረጫ፣ ቲዩነር። መለኪያ ከሌላችሁ አትጨነቁ። የኤቲኤም ካርድ ውፍረት በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ ነው፦ 0.76 ሚሊ ሜትር። ሦስት ካርድ ሲደረብ 2.3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ አራት ሲደረብ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለቤዝ የሚያስፈልጉን ልኮች እዚሁ አካባቢ ናቸው። ቁጥሩ ተነፍቶ የተጻፈበትን ካርድ ግን አትጠቀሙ፣ ለስላሳውን ምረጡ። ለሳሱ ልኮች ደግሞ ቢዝነስ ካርድ ይበቃል፤ ብዙውን ጊዜ ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው። ትክክለኛውን መለኪያ የሚፈልግ ሰው መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩበትን የስስ ብረቶች ጥቅል ከመኪና ዕቃ መሸጫ ያገኛል።

ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የለመዳችሁትን አንድ መስመር ተጫውታችሁ ቅረጹ። አምፑ ላይ ያሉትን ቤዝ፣ ሚድል፣ ትሬብል መሃል ላይ አድርጓቸው። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ያንኑ መስመር ቅረጹና በሄድፎን አወዳድሩ። በስልክ ስፒከር ቤዝ መገምገም ከንቱ ድካም ነው። የዝቅተኛው ክር፣ የወፍራሙ ኢ፣ ድምፅ 41 ኸርዝ ነው፣ የስልክ ስፒከር እዚያ አይደርስም።

ክር

ከሁሉም በላይ ድምፅ የሚለውጠው ክር ነው። ሁለት ዋና ዓይነት አለ። ራውንድዋውንድ በክብ ሽቦ የተጠቀለለ ነው፤ ሲዳሰስ ይሻክራል፣ ድምፁ ብሩህ ነው፣ ለስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት እየመቱ መጫወት) ይመቻል። ፍላትዋውንድ በጠፍጣፋ ሽቦ የተጠቀለለ ነው፤ ይንሸራተታል፣ ድምፁ ደፈን ያለና ሞቃት ነው። ራውንድ ክር በቤዝ ላይ የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ ማለት ይቻላል ፍላት ነበር። የድሮ ቅጂዎች ላይ የምትወዱትን ያንን ክብ ድምፅ በራውንድ ክርና በኢኩዋላይዘር ማምጣት አድካሚ ነው። የፍላት ክር አንድ ጥቅል ብትገዙ ይቀላል፤ ዓመታት ስለሚቆይም ዋጋውን ይመልሳል።

ራውንድ ክር ግን ይሞታል። ላብና ቆሻሻ በጥቅልሉ መካከል ይገባና ብርሃኑን ይገድለዋል። ክር ውድ ነው፣ እንደልብም አይገኝም። ስለዚህ አንድ የቆየ ዘዴ አለ፦ ክሩን አውልቁ፣ ጠቅልላችሁ በንጹሕ ውሃ ለአሥር ደቂቃ ያህል ቀቅሉት፣ በፎጣ አድርቁት፣ ሙሉ ለሙሉ ደርቆ እስኪያልቅ አትመልሱት። ለጥቂት ሳምንት ነፍስ ይዘራል። ለፍላት ይህን አታድርጉ።

አዲስ ክር ስታስሩ ችኩልነት አያዋጣም። ክሩን እስከሚታሰርበት ቁልፍ ሳቡ፣ ከዚያ ቁልፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አሳልፉ፣ መጀመሪያ ዘጠና ዲግሪ እጠፉት፣ ከዚያ ከእጥፋቱ ወዲያ ቁረጡ። ሳታጥፉ ከቆረጣችሁ ውጫዊው ጥቅልል ከውስጡ ሽቦ ላይ ሊላቀቅ ይችላል፣ ክሩም ሞቶ ይወለዳል። ጫፉን በቁልፉ መሃል ባለው ቀዳዳ አስገቡ፣ ወደ ታች እየጠመጠማችሁ ሁለት ወይም ሦስት ዙር አድርጉ። ከተቃኘ በኋላ ብሪጁ ላይ ክሩ ከሳድሉ (ክሩ ከሚያርፍበት ትንሽ ብረት) የሚወጣበትን ቦታ በጣት ጫን አድርጋችሁ አጥፉት። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ክሩ ሳድሉ ላይ እንደ ድልድይ ቅስት ተነፍቶ ከቀረ ቅኝቱ ይዋዥቃል፣ ድምፁም ይደበዝዛል።

የውፍረት መደበኛው 45-65-85-105 የሚባለው ጥቅል ነው፤ ቁጥሮቹ የኢንች አንድ ሺኛ ናቸው። ባለ አምስት ክር ከሆነ አምስተኛው 130 ገደማ ይሆናል። ውፍረት ወይም ዓይነት ከለወጣችሁ ውጥረቱ ስለሚለወጥ አንገቱን እንደገና ማየት ግድ ነው።

አንገት፦ የሚፈራው ቦታ

ሰው ትረስ ሮድ መንካት ይፈራል። ፍርሃቱ ምክንያት አለው፣ ግን የተጋነነ ነው። ትረስ ሮድ በአንገቱ ውስጥ የተቀበረ ብረት ነው። ክሮቹ አንገቱን ወደ ፊት ይስቡታል፣ ብረቱ ደግሞ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። የሁለቱን ሚዛን ነው የምታስተካክሉት። አንገት ፍጹም ቀጥ ማለት የለበትም፤ ክር ሲንቀጠቀጥ መሃል ላይ ሰፊ ቦታ ስለሚፈልግ ትንሽ መጎንበስ ይገባዋል።

ልኬቱ እንዲህ ነው። በምትጫወቱበት ቅኝት ቃኙት። ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ የምትጫወቱ ከሆነ እዚያው ላይ ይሁን። የኢ ክርን በግራ እጅ የመጀመሪያው ፍሬት (አንገቱን አቋርጦ የተተከለው ስስ ብረት) ላይ ያዙ፣ በቀኝ እጅ አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት መጨረሻ ፍሬት ላይ ተጫኑ። ክሩ አሁን ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሆኗል። ሰባተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ ጫፍ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። ቢዝነስ ካርድ ጠበቅ ብሎ ካለፈ፣ ማለትም ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ አትንኩት። ኤቲኤም ካርድ ካለፈ አንገቱ በጣም ጎንብሷል። ምንም ክፍተት ከሌለ ወደ ኋላ ሄዷል።

ክፍተቱ ከሰፋ ትረስ ሮዱን በአለን ኪው ወደ ቀኝ አጥብቁ፣ ከጠበበ ወደ ግራ ላላ አድርጉ። አንዴ ሩብ ዙር ብቻ። ቃኙ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ለኩ። እንጨት ወዲያው አይታዘዝም፣ እስከ ማግስቱ ድረስ ይንቀሳቀሳል። ቁልፉ ሲበዛ ከተቃወመ አቁሙ፣ በኃይል አትግፉ። ሌላው ጥንቃቄ ቁልፉ ራሱ ነው። አንዳንዱ ጊታር በሚሊ ሜትር፣ አንዳንዱ በኢንች ተሠርቷል። "ሊገባ ነው" በሚመስል ቁልፍ ማዞር የቡሎኑን ጥርስ ይበላዋል። ያ ደግሞ አንገቱን የሚያስጥል ጉዳት ነው።

ክረምትና በጋ ሲለዋወጡ አንገቱ ይንቀሳቀሳል። አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይኮማተርና የፍሬቶቹ ጫፍ እጅ ይቧጥጣል። ጂዳና ዱባይ ያላችሁ ደግሞ ከኤሲ ክፍል ወደ ውጭ ስታወጡት ይህ ለውጥ በቀን ውስጥ ይፈጸማል። ቤዙን በሳጥኑ አቆዩት፣ በየወቅቱ አንዴ ለኩት።

የክር ከፍታ

አሥራ ሰባተኛው ፍሬት ላይ፣ ምንም ሳትጫኑ፣ ከክሩ ሥር እስከ ፍሬቱ ጫፍ ያለው ርቀት ነው። መነሻ የሚሆነው በኢ ክር 2.4፣ በቀጭኑ ጂ ክር 2 ሚሊ ሜትር ነው። በካርድ ከሆነ፦ ኢ ላይ ሦስት ካርድ ሲገባ ትንሽ ላላ ማለት አለበት፣ ጂ ላይ ሦስቱ መግባት የለበትም፣ ሁለቱ ግን በነፃነት ይገባል። የቀሩትን ሁለት ክሮች በመካከል አድርጉ። ከፍታው የሚስተካከለው በሳድሎቹ ላይ ባሉት ትናንሽ ቡሎኖች ነው።

ዝቅ ያለ ከፍታ ሁሌ ይሻላል የሚል እምነት አለ። አልስማማም። በእጃችሁ ኃይል የምትጫወቱ ከሆነ ከፍ ያለ ክር የሚሰጠው ድምፅ ይሞላል። ዝቅ ያለው ለፈጣን ጣት ይመቻል፣ ግን ጉልበት ስትጨምሩ ፍሬት ላይ ይፋጫል።

የፍጭት ድምፅ ከሰማችሁ ቦታው ይነግራችኋል። ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ፍሬት ከሆነ አንገቱ ቀጥ ብሏል፣ ትረስ ሮዱን ትንሽ አላሉት። ከአሥራ ሁለተኛው በላይ ከሆነ ክሩ ዝቅ ብሏል። አንድ ፍሬት ላይ ብቻ ከሆነ ያ ፍሬት ከሌሎቹ ከፍ ብሏል፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

ኢንቶኔሽን

አጭር ነው። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን በቀስታ ነክታችሁ ሃርሞኒክ አሰሙ፣ ቀጥሎ እዚያው ላይ ተጫኑ። ሁለቱ ቲዩነር ላይ እኩል መሆን አለባቸው። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ሳድሉን ከአንገቱ አርቁ፤ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ አቅርቡ። እያንዳንዱን ጊዜ ቃኝታችሁ ድገሙ። ያረጀ ክር ላይ ይህን መሥራት አይጠቅምም፣ ቁጥሩ አይረጋም።

የፒክአፕ ከፍታ

በነፃ ከሚገኙ የድምፅ ለውጦች ትልቁ ይህ ነው። የሚገርመው ደግሞ ጊታሩን ከገዛ ጀምሮ ነክቶት የማያውቅ ሰው መብዛቱ ነው። ክሩን የመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑ። ኢ ክር ሥር ከፒክአፑ ብረት እስከ ክሩ አራት ካርድ ገደማ፣ ጂ ሥር ሦስት ካርድ ገደማ አድርጉ። ይህ መነሻ ነው፤ ከዚያ ጆሮ ይፍረድ።

ፒክአፕ ሲቀርብ ድምፅ ይጨምራል፣ ጠንከር ይላል። ከመጠን በላይ ሲቀርብ ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል፣ ኖታውም ቶሎ ይሞታል፣ ቅኝቱም ይወላውላል። ራቅ ሲል ደግሞ ይለሰልሳል። ጃዝ ቤዝ ላይ ሁለቱ እኩል መጮህ አለባቸው። የብሪጁ ፒክአፕ ክሩ ብዙ የማይንቀሳቀስበት ቦታ ላይ ስላለ ደካማ ነው። ስለዚህ እሱን ከአንገቱ ፒክአፕ ይልቅ ወደ ክሩ ጠጋ አድርጉት። አንዱን ቮልዩም ዝጉና አንዱን ስሙ፣ ቀይሩ፣ እኩል እስኪሆኑ ሞክሩ።

ስለ ቮልዩሞቹም፦ ሁለቱ ሙሉ ሲከፈቱ ድምፁ መሃሉ ጎድጎድ ይላል። አንዱን ትንሽ ብቻ ቀነስ ስታደርጉ መሃሉ ይመለሳል። ባንድ ውስጥ "አልሰማም" የሚባል ቤዚስት ብዙ ጊዜ መፍትሔው እዚህ ነው።

ስፖንጅና እጅ

ሞታውን የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ቤዚስት ጄምስ ጃመርሰን የተጫወተው እ.ኤ.አ. በ1962 ሥሪት ፕሪሲዥን ነው። ፍላት ክር፣ ብሪጁ ሽፋን ሥር ስፖንጅ፣ የቀኝ እጅ አንድ ጣት። ያን ሁሉ መስመር ያወጣው በዚህ ነው።

ለእኛ ሙዚቃ ስፖንጅ ጥቅሙ ሌላ ነው። ፈጣን ስድስት ስምንተኛ ምት ላይ ከበሮው ራሱ ቤዝ ይዟል። የቤዝ ኖታው ረዝሞ ከተንጠለጠለ ሁለቱ ተቀላቅለው ይጨቀያሉ። ኖታው አጠር ሲል ምቱ ይጠራል። የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ቤዚስት ጆቫኒ ሪኮ የተጫወተባቸውን የቆዩ ቅጂዎች ከፍታችሁ ኖታዎቹ የት እንደሚጀምሩ ብቻ ሳይሆን የት እንደሚያቆሙ ልብ በሉ። የወጥ ቤት ስፖንጅ ቁራጭ ብሪጁ አጠገብ በክሮቹ ሥር አስገቡ። ክሩን ሽቅብ መግፋት የለበትም፣ ዳሰስ ማድረግ ብቻ። ውፍረቱን በመቀስ እየቀነሳችሁ ሞክሩ። ለዝግተኛ ትዝታ ስፖንጁን ማውጣት ይሻላል፤ እዚያ ኖታው መዘመም አለበት።

እጁም ራሱ መሣሪያ ነው። ብሪጁ አጠገብ ከመታችሁ ጠንካራና ጠባብ፣ አንገቱ አጠገብ ከመታችሁ ሰፊና ለስላሳ ድምፅ ይወጣል። እጃችሁን አሥር ሴንቲ ሜትር ማንቀሳቀስ ከፒክአፕ ለውጥ በላይ የሚሰማበት ጊዜ አለ።

ውስጡን መክፈት

አሁን ካቻቢቴውን አንሱ። ሽፋኑን ከመክፈታችሁ በፊት ገመዱን ንቀሉ፣ ባትሪ ካለው አውጡ። ከተከፈተ በኋላ ምንም ሳትነኩ በስልክ ፎቶ አንሱ። ከአንድ በላይ አቅጣጫ። የትኛው ሽቦ የት እንደነበር በኋላ የሚነግራችሁ ፎቶው ብቻ ነው።

የቮልዩምና የቶን ቁልፎቹ ሲዞሩ የሚንኮሻኮሹ ከሆነ ለመቀየር አትቸኩሉ። ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆን የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ውስጡ ነፉና ደጋግማችሁ አዙሩ። ቅባት የሚተው ስፕሬይ አይሁን። ገመድ የሚገባበት ጃክ ከላላ ከውስጥ በጣት ይዛችሁ ከውጭ አጥብቁ፤ ካልያዛችሁት ጃኩ አብሮ ይዞርና ሽቦውን ይበጥሳል።

ቶኑን መለወጥ ከፈለጋችሁ በቶን ፖቱ (ከቁልፉ ሥር ያለው የሚዞር ክፍል) ላይ የተበየደውን ካፓሲተር (የድምፁን ብርሃን የሚቀንሰው ትንሽ ክፍል) እዩ። በቤዝ የተለመደው 0.047 ማይክሮፋራድ ነው፣ ሰውነቱ ላይ 473 ተብሎ ይጻፋል። 104 የተጻፈበት 0.1 ነው፤ ቶኑን ስትዘጉት ይበልጥ ይጨልማል። 223 ደግሞ 0.022 ነው፣ ሲዘጋም ብርሃን ይተዋል። ቶኑን ሁልጊዜ ሙሉ ከፍታችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ግን ካፓሲተር መቀየር ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። በዘይት የተሞላ፣ ያረጀ፣ ውድ ካፓሲተር ድምፅ ያሳምራል ለሚሉትም ገንዘባችሁን አትስጡ። ልኩ እኩል ከሆነ ርካሹ ሴራሚክ ያንኑ ይሠራል።

ፖት የምትገዙ ከሆነ A250K የሚለውን ፈልጉ። ከመግዛታችሁ በፊት የዘንጉን ውፍረትና ጥርስ ያለው መሆን አለመሆኑን ከቤዛችሁ ጋር አስተያዩ፤ ካልሆነ የቁልፉ ካፕ አይገባም።

ስትበይዱ የፖቱን ጀርባ በሸካራ ወረቀት ፈግፍጉ። የመበየጃው አይረን 350 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። መጀመሪያ ብረቱን አሙቁ፣ ከዚያ ስታኞውን ብረቱ ላይ አስነኩ፣ አይረኑ ጫፍ ላይ አይደለም። በትክክል የተበየደ የሚያብረቀርቅና የተንጣለለ ነው። እንደ እንክብል ተድቦልብሎ ከቀረ አልያዘም።

የማያባራው ጉምጉምታ

ቤዙ ይጮሃል ብላችሁ ፒክአፕ ከመቀየር በፊት ይህን ፈትሹ። ክሩን በእጅ ስትነኩ ጩኸቱ ከቀነሰ የውስጥ ሽቦው ደህና ነው፣ ጉድለቱ ከውጭ የሚመጣ ጩኸትን የሚከላከል የብረት ሽፋን ውስጡ አለመኖሩ ነው። ክሩን ስትነኩ ካልቀነሰ፣ የገመዱን ብረት ስትነኩ ግን ከቀነሰ፣ ከብሪጁ ሥር የሚመጣው ሽቦ ተበጥሷል። ክሩን ስትነኩ ጩኸቱ ከባሰ ግን መጫወት አቁሙ። አምፑን ንቀሉና ሶኬታችሁ ኧርዝ ያለው መሆኑን ኤሌክትሪሺያን ይይላችሁ። ይህ የድምፅ ጉዳይ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው።

ለዚህ ሽፋን ሽቦዎቹ ያሉበትን ጉድጓድ በመዳብ ቴፕ ለብጡት። ቁራጮቹ እርስ በርስ እንዲነካኩ አድርጉ፣ ከፖቱ ጀርባ ጋር በአንድ ሽቦ አገናኙት፣ በመልቲሜትር መገናኘቱን አረጋግጡ። የጃዝ ቤዝ ሁለት ፒክአፖች ብዙውን ጊዜ እርስ በርሳቸው ጩኸት እንዲሰርዙ ሆነው ነው የሚሠሩት። ሁለቱን ቮልዩም እኩል ስትከፍቱ ጉምጉምታው ከጠፋ፣ አንዱን ስትዘጉ ከተመለሰ፣ ያ የነጠላ ጥቅል ፒክአፕ ባህርይ ነው።

አምፕና ግዢ

ኢኩዋላይዘር ላይ አንድ ምክር ብቻ፦ ለብቻ ስትጫወቱ የሚያምረው ድምፅ ባንድ ውስጥ ይጠፋል። ቤዝን ከመጨመር ይልቅ 250 ኸርዝ አካባቢ ትንሽ ቀንሱ፣ 800 አካባቢ ትንሽ ጨምሩ። ቤታችሁ ሲሰማ ይጎረብጣል፣ መድረክ ላይ ግን ሰው ኖታውን ይሰማል።

ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ አምፕ 120 ቮልት ከሆነ በ220 ሶኬት ላይ አትሰኩት። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 100-240 የሚል ከሆነ መሰኪያውን መቀየር በቂ ነው። ካልሆነ ከአምፑ ዋት በላይ የሚችል ስቴፕዳውን (ቮልት የሚቀንስ) ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ፕሪአምፕ ያለው ቤዝ ካላችሁ ደግሞ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ገመዱን ከቤዙ ንቀሉ፤ ተሰክቶ ካደረ የ9 ቮልቱ ባትሪ ያልቃል።

ይህን ሁሉ ሠርታችሁ ቅጂዎቹን አወዳድራችሁ አሁንም ፒክአፕ ከፈለጋችሁ ግዙ። ብቻ መጀመሪያ ያሉትን ፒክአፖች በማስመሪያ ለኩ። በብዙ ጃዝ ቤዝ ላይ የብሪጁ ፒክአፕ ከአንገቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ በአንዳንድ ርካሽ ኮፒዎች ግን ሁለቱ እኩል ናቸው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ እንዲያመጣላችሁ የምትልኩ ከሆነ ስሙን ብቻ ሳይሆን ርዝመቱን በሚሊ ሜትር ጽፋችሁ፣ ፎቶውንም ጨምራችሁ ላኩለት።